ሦስት ዕቃ፣ አንድ ፊሽካ፦ በደሴ አንድ ሰፈር የተጀመረው የቆሻሻ መለየት አገልግሎት ሲፈተሽ

ፊሽካው ሲነፋ ደጅ ላይ ሦስት ዕቃ መገኘት አለበት። ለደረቁ ጆንያ፣ ለእርጥቡ ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ፣ ለአመዱ አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ የደሴ ሰፈር ቅሬው (የሰፈሩ እድር) ከቆሻሻ ሰብሳቢ ወጣቶች ማኅበር ጋር ተስማምቶ ያስጀመረው አገልግሎት ይኸው ነው። ነዋሪው ይለያል፣ ማኅበሩ በሳምንት ሁለት ቀን ያነሳል፤ ደረቁ ለገዢ ይሄዳል፣ እርጥቡ ብስባሽ (ኮምፖስት) ሆኖ በጆንያ ለሰፈሩ ይሸጣል። ክፍያው ወርኃዊ ነው፣ በደረሰኝ።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ደረቁ ጥሩ ይሠራል፣ እርጥቡ ገና ነው። እርጥቡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ማድቤት ውስጥ፣ ጋሪው ሳይደርስ በፊት ስለሆነ ስለ ባልዲው ረዘም አድርገን እንጽፋለን።

ከጆንያው እንጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነውና። የሚገባበት ሀይላንድ፣ የለስላሳ ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ ካርቶን፣ ወረቀት፣ ጣሳ፣ የተሰበረ ሳፋና ወንበር ነው። ይህን ሁሉ ቆራሌው ከድሮም ይገዛዋል፤ ግን የሚያዋጣውን መርጦ የቀረውን ደጅ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ማኅበሩ ሁሉንም ያነሳል። መዳብ ወይም አሉሚኒየም ያለው ሰው ግን ለቆራሌው ቢሸጥ አንቃወምም፣ ገንዘቡ ኪሱ ይገባል።

ሀይላንድ ሳይጨፈለቅ አይግባ። ትልቁ የእህል ጆንያ ያልተጨፈለቀ የግማሽ ሊትር ሀይላንድ ከመቶ እስከ መቶ ሃያ ቢይዝ ነው፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። የተጫነው አየር ነው። ፕላስቲክ ፈጭቶ የሚጠቀመው ገዢ በብዛት ያለው አዲስ አበባና አካባቢዋ ነው፤ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አይሱዙው ደግሞ በሁለት ኪሎ ጆንያ ጢም ብሎ ከሄደ ኪራዩ ትርፉን ይበላዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ክዳኑን ፈትቶ የቀረውን ውሃ መድፋት፣ ከቂጡ ወደ አፉ መርገጥ፣ ከዚያ ክዳኑን መልሶ መጠምዘዝ። ተከድኖ የመጣ ሀይላንድ ሺህ ጊዜ ቢረገጥ አይተኛም። ተረግጦ ሳይከደን የቀረው ደግሞ ጆንያው ውስጥ ተመልሶ ይነፋል። ክዳኑ የሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ቢሆንም አያስጨንቅ፤ ፋብሪካ ገብቶ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲጨመር የጠርሙሱ ስባሪ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል፣ በዚያው ይለያያሉ።

ከዕቃው ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የታተመችውን ቁጥር ማየት ይጠቅማል። 1 ሀይላንዱ ነው፣ 2 ጀሪካኑ፣ 5 አብዛኛው ሳፋና ክዳን ያለው የምግብ ዕቃ። 3 ቁጥር የቧንቧ ፕላስቲክ ዘር ነው፤ ከሀይላንዱ ጋር አብሮ ከቀለጠ ትንሹም ብዙውን ያጠቁረዋል፣ ስለዚህ ለብቻው ይቀመጥ። ዘይት የነበረበት ጀሪካን በሙቅ ውሃና በአንድ እፍኝ አመድ ተናውጦ ይደፋ፤ አለበለዚያ ጆንያው ውስጥ ያለውን ካርቶን ሁሉ ያቀባዋል። ካርቶን ደግሞ ዘይት ከነካው ወይም ከራሰ ዋጋ የለውም። በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አገር ጆንያውን ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ማስቀመጥ ግድ ነው።

ፌስታልን በተመለከተ አገልግሎቱ ሐቀኛ ነው፤ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ተጠቅሎ ከመጣ ይወስዳል፣ ገዢ ካላገኘ እንደሚጥለውም አይደብቅም። ስሱ ፌስታል መፍጫው ላይ ይጠመጠማል፣ አፈርና ወጥ የነካው ደግሞ የማጠቢያው ወጪ ከዋጋው ይበልጣል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፌስታል ከከለከለ ቆይቷል፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ምክር ቤቱ ጠበቅ ያለ አዋጅ አጽድቋል። ጆንያው ላይ ግን ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ሰኞ ገበያ ሲወረድ ዘንቢል ይዞ መውረድ ነው። ሽንኩርትና ድንች በዘንቢል ከመጣ ቤት የሚገባው ፌስታል በአንድ ጊዜ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ባልዲው። ከአንድ ቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፦ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የሻገተ እንጀራ። ለቡና የተጎዘጎዘው ቄጤማም ከደረቀ በኋላ ጥሩ ነው፣ ጠላ ለሚጠምቅ ቤት ግን አተላው ለከብት ይሂድ፤ ባልዲው ውስጥ ከገባ ፈሳሹ ሁሉን ያበላሻል።

ባልዲው ሲዘጋጅ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ሰጋቱራ ወይም በእጅ የተቀደደ ካርቶን ይነጠፍበታል። የዕለቱ ልጣጭ ከገባ በኋላ በላዩ አንድ ጭብጥ ሰጋቱራ ይነሰነሳል። ይኼው ነው። ሰጋቱራው ርጥበቱን ይመጥጣል፣ ዝንቡን ከልጣጩ ይለያል፣ በኋላም ማኅበሩ ግቢ እርጥቡ በሚበሰብስበት ክምር ውስጥ አየር የሚያስገባው እሱ ነው። አናጢ ቤት ብዙ ጊዜ በነጻ ይሰጣል። ቺፑድ የሚሰነጥቅ ቤት ግን አይሁን፣ ሙጫ አለበት። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን አንድ ኪሎ ገደማ እርጥብ ቢያወጣ ባልዲው በስምንትና ዘጠኝ ቀን ይሞላል፤ ሆኖም እስኪሞላ መጠበቅ አይገባም። ከአራተኛው ቀን በኋላ ሰጋቱራም ሽታውን አይችለውም። በሳምንት ሁለት ቀን ማንሳታቸው ትክክል ነው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛውና ዋናው ልጣጩን በፌስታል ቋጥሮ ባልዲው ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ጽዱ ይመስላል፤ ነገር ግን አየር ያጣው ልጣጭ በሁለት ቀን ይኮመጥጣል፣ ትል ይፈላበታል፣ ሰብሳቢውም ቋጠሮውን በእጁ መቅደድ አለበት። ቋጠሮ ውስጥ ደግሞ ምላጭ ሊኖር ይችላል፤ ጓንታቸው ስስ ነው። ሁለተኛው የተረፈ ወጥ ነው። መጀመሪያ ይጠለል፣ ሥጋና አጥንቱም ይለይ፣ ውሻ የሚጠራው እሱ ነው። በአረፋ፣ በመውሊድ፣ በፋሲካ የሚታረደው በግ ፈርሱ ግን ወርቅ ነው። ለአዲስ ክምር ከፈርስ የተሻለ ማስነሻ የለም፤ ለብቻው በማዳበሪያ ከረጢት ሆኖ በማግሥቱ ጠዋት ይሰጥ እንጂ ባልዲው ውስጥ አይደፋ።

የጫት ገረባ ለብቻው መነሳት አለበት፣ ደሴ ላይ ስለ ቆሻሻ አውርቶ ገረባን መዝለል አይቻልም። የመጀመሪያው ባለ መብት ፍየሉ ነው። ፍየል የሚበላውን ቅጠል ማንም ሊያነሳው አይገባም። የሚቀረው እንጨቱ ነው፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ክንድ የሚያህለው ቅርንጫፍ እንዳለ ክምሩ ውስጥ ከገባ ሌላው በስብሶ ሲያልቅ እሱ እንጨት ሆኖ ይወጣል። በጣት ርዝመት መከርከም አለበት። የታሠረበት ክርና የተጠቀለለበት ፌስታል ካልወጣም ሰብሳቢው ሙሉውን እሥር ወደሚጣለው ይወረውረዋል፣ አንፈርድበትም። ጫት ላይ መድኃኒት የሚረጭ ገበሬም ብዙ ነው። ማኅበሩ ገረባ የበዛበትን ክምር ለአበባና ለዛፍ ችግኝ እየለየ የሚሸጥ ከሆነ ጥሩ፤ ገዢ ግን ቢጠይቅ አይከፋም።

አመዱ ቀላል ይመስላል። አንድ ጠዋት ጋሪው ላይ ያየነውን እንጥቀስ። ሰብሳቢው ቆርቆሮውን ሳያነሳ ይጠይቃል፦ «እትየ፣ አመዱ በርዷል ወይ?» «በርዷል ልጄ፣ የትናንት ነው።» «አብሽሩ፣ ልየው ብየ ነው።» የእጁን ጀርባ ከአመዱ በላይ ያስጠጋል፣ ከዚያ ከሀይላንድ ትንሽ ውሃ ጠብ ያደርግበታል። ጭስ አለ፣ ከሥር ፍም አለ። ቆርቆሮው ተመልሶ ደጅ ላይ ይቀመጣል፣ ለሚቀጥለው ዙር። የእትየ ጥፋት አይደለም፤ የከሰል ፍም አመድ ከለበሰ ከአንድ ቀን በላይ ሳይጠፋ ያድራል፣ ጆንያ ያለበት ጋሪ ላይ ከተደፋ ደግሞ የዙሩን ደረቅ ሁሉ ሊያቃጥል ይችላል። አመዱ ለብቻው የሚነሳበት ሌላም ምክንያት አለው። ክምሩ ውስጥ ብዙ ከገባ ለአትክልቱ የሚጠቅመውን ናይትሮጂን በአሞንያ ሽታ አድርጎ ያባርረዋል። በአንድ ባልዲ አንድ ጭብጥ ይበቃል፣ የቀረው ለሽንት ቤት ጉድጓድ መነስነሻ ይሻላል።

ሦስቱ ዕቃ ውስጥ ቦታ የሌላቸው ነገሮች አሉ፣ የአገልግሎቱም ትልቁ ጉድለት እነሱ ላይ ነው። ዳይፐርና ሞዴስ አይበሰብስም፣ አይሸጥም፤ ማኅበሩ ለብቻው ተቋጥሮ ከመጣ ወደ ከተማው መጣያ ይወስደዋል፣ ከዚህ ያለፈ መፍትሔ የለውም። ሕፃን ያለበት ቤት አራተኛ ዕቃ ያስፈልገዋል፣ ይህ ግን ሲመዘገቡ አይነገርም። ምላጭ፣ መርፌና የአምፑል ስባሪ ወፍራም ሀይላንድ ውስጥ ገብቶ ተከድኖ ይሰጥ። የባትሪ ድንጋይ ከባልዲው ይራቅ፤ ውስጡ ያለው ብረታ ብረት ብስባሹ ውስጥ ገብቶ ከዚያ አይወጣም።

ጋሪው። ይህን በግልጽ መናገር ይገባል፦ ነዋሪው የለየውን ጋሪው ሲቀላቅለው በዓይናችን አይተናል። ሥራ በበዛበት ቀን የእርጥቡ ማስቀመጫ ሲሞላ የቀረው ባልዲ ጆንያዎቹ ላይ ይደፋል። ይህን ከመስኮቱ ያየ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ለመለየት አይደክምም፣ ትክክልም ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ክዳን ያለው ባለ 200 ሊትር በርሜል ጋሪው ላይ ቢታሠር ባልዲዎቹ ግማሽ ያህል ሞልተው ቢመጡ ሃያ ቤት ያነሳል። ሁለት በርሜል አርባ ቤት ነው፣ ክብደቱም ከ160 እስከ 200 ኪሎ ስለሚደርስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያለው ጋሪ ወይም ባጃጅ ይጠይቃል። ኮብል ስቶኑ በሚያበቃበት፣ ጋሪ በማይደርስባቸው ቀጫጭን መንገዶች ያሉ ቤቶች ባልዲያቸውን ራሳቸው ተሸክመው ይወጣሉ፤ ክፍያቸው ግን በራቸው ላይ ከሚነሳላቸው ጋር እኩል ነው። ይህ መስተካከል አለበት።

የማኅበሩ ግቢ ውስጥ ክምሩ በደንብ ይሠራል ወይ? በበጋ አዎ። ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ከሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ከዚያ ካነሰ የደሴ ብርድ ሙቀቱን ይወስደዋል። ቴርሞሜትር የላቸውም፣ ፌሮ አላቸው። ፌሮውን እስከ ክምሩ እምብርት ሰክተው አሥር ደቂቃ ቆይተው ይመዙታል፤ ጫፉ በእጅ ለመያዝ የሚያቃጥል ከሆነ እየሠራ ነው። የሚፈለገው ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ነው፣ ቢያንስ ለሦስት ተከታታይ ቀን። የአረም ዘርና በሽታ አምጪው የሚሞተው በዚያ ነው። ፌሮው ሲቀዘቅዝ ክምሩ ይገለበጣል፣ ዳር ያለው ወደ መሐል ይገባል። ርጥበቱን በጭብጥ ይለኩታል፦ ጨምቀውት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ተበታትኖ ከወደቀ ደርቋል። ሽታውም ይናገራል። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ልጣጭና ፈርስ በዝቷል፣ ሰጋቱራ ይጨመር። የገማ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፣ ይገልበጥ። ምንም ሳይሸት ሳይሞቅ ከተቀመጠ ደግሞ ወይ ደርቋል ወይ እንጨት በዝቶበታል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚጨምሩ ሰዎች ይህንን ነው የሚያተርፉት።

በክረምት ግን ግቢው ይወድቃል። ሐምሌና ነሐሴ ክምሩ ላይ የሚለበሰው ሸራ አይበቃም፣ ውሃው ገብቶ ያቀዘቅዘዋል፣ ከሥሩ የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ደሴ ላይ ወደ ቦይ የገባ ነገር ቦርከና ወንዝ ይገባል፣ ቦርከና ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከክምሩ ዙሪያ አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮ ፈሳሹን በጉድጓድ መያዝና መልሶ የደረቀ ክምር ላይ መርጨት ይቻላል፤ የአንድ ቀን ቁፋሮ ነው።

ብስባሹ በጋ ላይ በሦስት አራት ወር ይደርሳል። ከ1,800 ሜትር በላይ ቢሆንም ከደሴ ብዙ ዝቅ ያለችው ኮምቦልቻ ላይ ተመሳሳዩ ክምር ፈጠን ይላል፣ ሙቀቱ ነው። የሚሸጡት በጆንያ ነው፣ ጆንያውን ከመግዛት በፊት መፈተሽ ግን የገዢው መብት ነው። እጅ ወደ መሐሉ ይግባ፤ ከሞቀ ገና እየበሰበሰ ነው፣ የችግኝ ሥር ያቃጥላል። ይሸተት፤ ዝናብ የመታው የጫካ አፈር መሽተት አለበት። በጣት ይታሽ፤ ልጣጩ ልጣጭ መስሎ ከታየ አልደረሰም።

ሁነኛው ፈተና ግን ፌጦ ነው። ከብስባሹ አንድ ሰሃን፣ ከጓሮ አፈር አንድ ሰሃን፣ ሁለቱንም ርጥብ አድርጎ በየሰሃኑ 20 የፌጦ ፍሬ መዝራት። ፌጦ ቶሎ ይበቅላል፣ ክፉ ነገርም አይወድም። አራተኛው ቀን ላይ መቁጠር፤ አፈሩ ላይ ሁሉም ወጥቶ ብስባሹ ላይ ከ16 በታች ከወጣ፣ ወይም የወጣው ሥሩ ቡናማ ሆኖ ካጠረ፣ ጆንያው ለሌላ አንድ ወር ይቀመጥ። የግቢው የክረምት ጆንያ ይህን አላለፈም። የኅዳሩ አለፈ፣ ቡቃያውም ቀጥ ያለ ነበር። ሁለቱም ጆንያ በአንድ ዋጋ መሸጡ አልገባንም። ወንፊታቸውም ሰፊ ነው፤ ከኅዳሩ ጆንያ ውስጥ እንኳ የጠርሙስ ስባሪ ወጥቷል፣ ስለዚህ በባዶ እጅ ባይዘገን ይመረጣል። ለጎመን መደብ በካሬ ሜትር ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ከላይኛው አፈር ጋር ማደባለቅ ይበቃል። ለችግኝ ፕላስቲክ አንድ እጅ ብስባሽ ለሦስት እጅ አፈር፤ ንጹሑን ብስባሽ ብቻ መሙላት ችግኙን ያቀጭጨዋል።

ቅሬው ያደረገው አንድ ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጥብናል፣ ቆሻሻ የሚያነሳ ሳይሆን ከመጀመሪያው እንዳይወጣ የሚያደርግ ነው። ከድንኳኑና ከወንበሩ ጋር ሰሃንና ብርጭቆ ያከራያል። ሠርግ፣ ለቅሶ ወይም ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ያለበት ቤት የፕላስቲክ ሰሃንና የአንድ ጊዜ ብርጭቆ ከመግዛት ይልቅ ከቅሬው ይወስዳል፣ አጥቦ ይመልሳል፣ የተሰበረውን ይከፍላል። ከ200 ሰው ድግስ በኋላ ደጅ ላይ የሚቀረው ጆንያ ብዛት ልዩነቱን ይናገራል። ጉድለቱ የውሃ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 200 ሰሃን ለማጠብ ቀድሞ በርሜል መሙላት ያስፈልጋል፣ ይህን ያላሰበ ቤት በመጨረሻው ሰዓት ወደ ሱቅ ይሮጣል።

ለአዲስ ተመዝጋቢ አንድ ነገር ይቀራል። ፊሽካው የሚነፋው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ግን እንዳያመልጠው ብሎ ዕቃውን ከማታው ያወጣል። ጆንያና ቆርቆሮ ቢያድር ምንም አይደል። ባልዲው ግን ማደር የለበትም። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ቢጫንበት ለውሻ ይበቃል፣ ለጅብ አይበቃም።